ታሪክህን ንገረኝና ልስጥህ

ዘንድሮ ድሃ መሆን ብቻውን አያዋጣም። ድህነትህ ታሪክ ሊኖረው ይገባል። ታሪኩም መነሻና መድረሻ ያለው፣ አንድ ገጽ የማይሞላ፣ ጎኑ ላይ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት መሆን አለበት። በፎቶግራፉ ላይ ፈገግ ብትል ይመረጣል። ግን ጥርስህ እስኪታይ አትሳቅ፤ «ይሄ ደግሞ ምን ጎደለው?» ያሰኛል። ማልቀስም አያስፈልግህም፤ የእንባው ፋሽን አልፎበታል። የሚፈለገው መካከለኛው ነው፤ ተጎድቶ ያልተሰበረ፣ ቸግሮት ያላማረረ፣ ሃምሳ ዶላር ቢያገኝ በነጋታው ቀና የሚል ፊት። እንዲህ ያለ ፊት ከሌለህ፣ ወዳጄ፣ ችግርህን ይዘህ እቤትህ ተቀመጥ።

የማወራው በኢንተርኔት አማካይነት አንዱ ተራ ሰው ለሌላው ተራ ሰው ስለሚሰጥበት የልገሳ ዘዴ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሃያ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት የዓለም ባንክ ባልደረቦች የነበሩ ሰዎች ግሎባል ጊቪንግ የተባለውን ድረ ገጽ ከፈቱ። በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ኪቫ ተወለደ፤ ሃያ አምስት ዶላር ያለው ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ለኡጋንዳ ነጋዴ አበዳሪ መሆን ቻለ። በ2006 ቻሪቲ ዎተር ለውሃ ጉድጓድ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። በ2010 ጎ ፈንድ ሚ ተከተለ። የሁሉም መፈክር ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ አንድ ነው፤ ሰጪና ተቀባይ ያለ አማላጅ ይገናኙ።

መፈክሩ ለምን እንደሚጣፍጥ ይገባኛል። እኛ አገር መያዶችን የማያውቅ የለም። ረጅም አንቴና የተተከለበት ላንድክሩዘር፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ስለ ረሃብ የሚካሄድ የሦስት ቀን ዎርክሾፕ፣ ከነምሳው፣ ከነሻይ ዕረፍቱ፣ ከነአበሉ። ሪፖርቱ ሲታተም ከችግረኛው ጎጆ ይልቅ ወረቀቱ ያምራል። ይህን ሁሉ ዘልዬ ከኪሴ ያወጣኋትን እዚያች ሴትዮ መዳፍ ላይ ላኑራት ያለ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ከብዙዎቻችን ይሻላል።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣቴ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት አብዛኛውን የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ ዩኤስኤአይዲ የተባለው መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት አጋማሽ ሲዘጋ፣ አንድ ማጽናኛ ወሬ መናፈስ ጀመረ። «ግድ የለም፤ ትልቁ ቧንቧ ቢዘጋ ጠብታዎቹ ይተኩታል፤ መንግሥታት ቢከዱ ደግ ግለሰቦች አሉ፤ ስልክ በየሰው እጅ ነው» ይላሉ። አልተኩትም፤ አይተኩትምም። የማይተኩበት ምክንያት የሰው ደግነት ስላነሰ አይደለም። ዘዴው ራሱ የሚያየው ፊት ያለውን ችግር ብቻ ስለሆነ ነው። ጠቤ ከዚህ ዘዴ ጋር ነው።

በመጀመሪያ ነገር፣ «ያለ አማላጅ» የሚለው እውነት አይደለም። በጥቅምት 2009 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሩድማን የተባለ አሜሪካዊ የልማት ተመራማሪ የኪቫን አሠራር ፈትሾ ጻፈ። እናንተ የባለ ሱቋን ፎቶግራፍ አይታችሁ፣ ልባችሁ ራርቶ፣ ሃያ አምስት ዶላራችሁን ስትልኩ፣ ሴትዮዋ ብድሯን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብላ ወስዳለች። የሰጣት በአገሯ ያለ የብድር ተቋም ነው። የእናንተ ገንዘብ የሚሄደው ለዚያ ተቋም ነው። እናንተ ወለድ አትቀበሉም፤ ተቋሙ ግን ከሴትዮዋ ወለድ ይቀበላል። ሩድማን አሠራሩን አልኮነነም። ገንዘብ እስኪዋጣ ድሃን በር ላይ ከማስቆም ይህ ይሻላል ነው ያለው። ኪቫም ከዚያ ወዲህ አገላለጹን አስተካክሏል። እኔም አሠራሩን አልኮንንም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ብድሩ አስቀድሞ ከተሰጠ፣ የሴትዮዋ ፎቶግራፍ ሥራው ምንድን ነው? ሴትዮዋን ለመርዳት አይደለም፤ እሷ ተረድታለች። ፎቶግራፉ የተለጠፈው ሰጪውን ለመርዳት ነው። ደስ እንዲለው፣ እንዲመርጥ፣ መረጥኩ እንዲል። ድሃዋ ለተበደረችው ገንዘብ ወለድ ከፈለች፤ በላዩ ላይ ፊቷንም ከፈለች። አማላጁ አልጠፋም፤ ከፎቶግራፉ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ እንጂ።

ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬአለሁና፣ እነዚህን የችግር ታሪኮች ሳነብ ዓይኔ በልማዱ መቼቱን፣ ገጸ ባሕርይውን፣ ግጭቱን ይፈልጋል። አንብቤ አንብቤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ ይህ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘር ነው፤ ሕግም አለው። መቼቱ ሁልጊዜ «ራቅ ያለ መንደር» ነው፤ ወረዳ፣ አስተዳዳሪ፣ ገበያ፣ ጦርነት የሌለበት። ገጸ ባሕርይዋ አንዲት ናት፤ ጎረቤት፣ አክስት፣ ማኅበር የላትም። ግጭቱ ከ«እጦት» ጋር ነው። ልብ በሉ፤ ከእጦት ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይደለም። የነጠቀ የለም፤ ያፈናቀለ የለም፤ ዋጋ የሰቀለ የለም። ችግሩ እንደ ጉም ከሰማይ ወርዶ እሷ ቤት ላይ ያረፈ ነው። መፍትሔው ደግሞ ከታሪኩ ውጪ፣ ገጹን በሚያነበው ሰው ጣት ጫፍ ላይ ነው። እንግዲህ የዚህ ታሪክ ጀግና ማን ነው? ፎቶግራፏ የተለጠፈው ሴትዮ እንዳይመስላችሁ። እሷ አጃቢ ናት። ጀግናው አንባቢው ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ በአንድ ድርጅት ውስጥ የምትሠራው እንዲህ ያለ ታሪክ መሰብሰብና ማሰናዳት ነው። አንድ ሰሞን የአንዲት እንጀራ ሻጭ ታሪክ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ቋንቋውን ይዩልኝ» አለችኝ። አየሁት። «ባለቤቷን በሞት ያጣች የሦስት ልጆች እናት፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢኖራት ሕይወቷ ይለወጣል» ይላል። ቋንቋው ደህና ነው። ከሥሩ ግን ልጅቷ ስትጠይቅ የያዘችው ማስታወሻ ነበርና እሱንም አነበብኩት። ሌላ ሰው ነው የሚናገረው! ሴትዮዋ ቤቷ ለልማት ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ተነሥታለች። ደንበኞቿ እዚያው መሐል ከተማ ቀርተዋል። የታክሲው ዋጋ ትርፏን በልቶታል። በአዲሱ ሰፈር መብራት የምትወስደው ከጎረቤት ቆጣሪ ላይ ነው፤ ጎረቤትየው ሲከፋው ይነቅልባታል፤ ሊጡ ይሆመጥጣል። ምን ቢደረግልሽ ትወጃለሽ ስትባል የመለሰችው ሰባት ቃል ነው፤ «የራሴ ቆጣሪ ይግባልኝ፤ ሌላው የኔ ሥራ ነው»። ምጣድማ ነበራት።

«ታዲያ ቆጣሪውን ለምን አወጣሽው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ቆጣሪ ስቶሪ አይሆንም» አለችኝ።

ልጅቷ ትክክል ናት። የምትሞላው ቅጽ ላይ «ማን ነው ያፈረሰብሽ?» የሚል ሣጥን የለም። «የትኛው ቢሮ ነው የሚያመላልስሽ?» የሚል የለም። ምጣድ ዋጋው ይታወቃል፤ ይገዛል፤ ከጎኑ ቆማ ፎቶ ትነሣለች። ቆጣሪ ግን ደብዳቤ ነው፤ ካርታ ነው፤ ወረፋ ነው፤ ጠብ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ተዋጣ፤ ምጣዱ ተገዛ። ሰጪዎቹ የምስጋና መልእክት ደረሳቸው። አሁን ሴትዮዋ ሁለት ምጣድ አላት። ቆጣሪ የላትም።

ይህ የአንዲት ሴት ዕድል ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። ነገር ግን እኛ ኢትዮጵያውያን በፊታችን መታወቅ ምን እንደሚያስከትል ከማንም በላይ እናውቃለን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ፊልም ዓለምን አነቃነቀ፤ እህልም አመጣ። ሰው አተረፈ፤ አልክድም። በዚያው ዓመት ሐምሌ በላይቭ ኤድ ኮንሰርት ላይ ልትሞት ስታጣጥር የታየችው ሕፃን፣ ብርሃን ወልዱ፣ ሞት ሳይወስዳት ቀረ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ሰኔ፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ አወጧት። የግብርና ትምህርት የተማረች፣ ቆንጆ ወጣት ሴት። ከኋላዋ በትልቅ ስክሪን ያቺው የምታጣጥረው ሕፃን። አንዲት ሰው ሃያ ዓመት ኖራ፣ ተምራ፣ አድጋ፣ አሁንም የምታስተዋውቃት ያቺ ደቂቃ ናት። የዕርዳታው እህል በአንድ ክረምት አለቀ፤ ምስሉ አላለቀም። ያኔ ፊቷ እንዲህ የቀረባት አንዲት ሕፃን ናት እንበል። ዛሬ በየድረ ገጹ ስንት ሺህ ሕፃናት አሉ? ልጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ሥራ ሲያመለክት፣ ሚስት ሲፈልግ፣ «የሽንት ቤት ችግር ያለባት የአቶ እገሌ ልጅ» ተብሎ በሰባት ዓመቱ የተለጠፈው ገጽ እዚያው ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀው። ለመጠየቅም ዕድሜው አልደረሰም።

ፊት የሌለው ችግርስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከክብር ጉዳይ አልፎ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አንዲት አሜሪካዊት ልጅ ዘጠነኛ ዓመት ልደቷን ስታከብር፣ ስጦታ በመግዛት ፈንታ ለውሃ ጉድጓድ ዘጠኝ ዘጠኝ ዶላር ስጡልኝ አለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመኪና አደጋ ሞተች። የማያውቋት ሰዎች በስሟ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። ገንዘቡ ትግራይ ውስጥ ለገጠር መንደሮች ውሃ ሆነ። ይህን የሚያቃልል ሰው ልቡን ይመርምር። ነገር ግን ውሃ አንዴ ወጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የእጅ ፓምፕ ውስጡ ጎማ አለው፤ ጎማው ይበላል፤ ዘንጉ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ግምት በሃያ የአፍሪካ አገሮች ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች ከሦስት አንዱ ገደማ አይሠራም ነበር። ያልሠራው ቆፋሪ ጠፍቶ አይደለም፤ ጠጋኝ፣ መለዋወጫ፣ የጠጋኙ ደመወዝ ጠፍቶ ነው። ለመሆኑ ለፓምፕ ጎማ ብሎ ልደቱን የሚያከብር ማን ነው? ውሃው ሲፈነዳ ልጆች ሲቦርቁ ፎቶ ይነሣል። ጎማ ሲቀየር ማንም አይቦርቅም።

ድረ ገጾቹ በዚህ ላይ ሌላ ማባበያ ጨምረዋል። «የሰጣችሁት መቶ ከመቶው ለሥራው ይውላል» ይላሉ። ቻሪቲ ዎተርን የመሰሉት ይህን የሚያደርጉት የቢሮ ወጪያቸውን ሌሎች ባለጸጎች ስለሚሸፍኑላቸው ነው፤ አልዋሹም። ሕዝቡ ግን ከዚህ የሚማረው ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ስልጠና፣ ሒሳብ መርማሪ ሁሉ ብክነት መሆኑን ነው። እኛም ይህን በሕግ ሞክረነዋል። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የነበረውን 70/30 የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከሠላሳ ከመቶ በላይ ለአስተዳደር አይውልም ተባለ፤ ከዚያ የጤና ሠራተኛ ማሰልጠንም፣ ወደ ገጠር የሚወስደው መኪናም «አስተዳደር» ተብለው ተቆጠሩ። ያለ አሰልጣኝና ያለ መኪና ልማት! ሕጉ በ1113/2011 ተተክቶ ትርጉሙም ተሻሽሏል። የአሜሪካ ለጋሽ አእምሮ ውስጥ ያለው 70/30 ግን እስካሁን አልተሻረም።

ውጤቱን በ2025 አየነው። የአሜሪካ ገንዘብ ሲቋረጥ እዚህ አገር 5 ሺህ የሚሆኑ የጤና ዘርፍ ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ከነሱ ውስጥ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስደውን ሰው መዝገብ የሚይዙ፣ የቀረውን ደውለው የሚጠሩ ነበሩ። ለነዚህ ሰዎች ገንዘብ የሚያሰባስብ ገጽ አያችሁ? እኔ አላየሁም። መዝገብ ያዥ ፊቱ አያሳዝንም። ሸሚዝ ለብሶ፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ፣ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ሰውየው ግን ከመቶ ምጣድ በላይ ሕይወት ያተርፋል።

ደግሞ መምረጥ ለሰጪው ሲሰጠው፣ ሰጪ የሚመርጠው የሚመስለውን ነው። ጎ ፈንድ ሚ አዲስ አበባ ላለ ታማሚ በራሱ ስም፣ በራሱ የባንክ ሒሳብ አይከፈትለትም፤ አገራችን በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ዘመድ ሊከፍትለት ይገባል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አልጋ ላይ ተኝተው፣ በአንድ ዓይነት የኩላሊት ሕመም ሲሰቃዩ፣ አንደኛው የእህቱ ልጅ ሜሪላንድ በመኖሯ ይተርፋል። ሌላው ፎቶግራፉ መኪና ላይ ተለጥፎ፣ በሞንታርቦ እየተለፈፈ፣ በየአደባባዩ ይዞራል። ልዩነታቸው የሕመም አይደለም፤ የቪዛ ነው።

ከዚህ የባሰም አይተናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በውጭ ያለው ወገናችን እጁን ዘረጋ፤ እግዜር ይስጠው። ግን ብዙው እጅ የተዘረጋው የራሱን ቋንቋ ወደሚናገረው ተፈናቃይ ነበር። ገጾቹ በብሔር ተከፋፈሉ። የእገሌ ተፈናቃይ፣ የእገሊት ተጎጂ። ሁሉም የራሱን ሬሳ ቆጠረ፣ የራሱን ሕፃን ፎቶ ለጠፈ፣ የሌላውን ሕፃን «ውሸት ነው» አለ። ረሃብተኛ ከረሃብተኛ ጋር ለፊት ሲወዳደር መጨረሻው ይህ ነው። እንዲህ ባለው ገበያ ውስጥ ርኅራኄ ራሱ ጎራ ይለያል።

የፈረንጅ ሐሜት ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉት፤ እኛ ከነሱ ብሰናል። አንዲት አሮጊት መንገድ ዳር ጎመን ስትሸጥ አንድ ጎረምሳ ካሜራ ደግኖ ይመጣል። «እማማ፣ ሁሉንም በስንት ነው?» ይላል። ጎመኑን ሁሉ ይገዛል፤ ብሩን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ እጃቸውን ስመው እስኪያለቅሱ ካሜራው አይጠፋም። በነጋታው ቲክቶክ ላይ ነው። የአሮጊቷ እንባ ለእሱ ተከታይ ነው፤ ተከታይም ገንዘብ ነው። እሳቸው የጎመኑን ዋጋ አገኙ፤ እሱ የእንባውን። ቀኝ ሲሰጥ ግራ እንዳያውቅ እየተመከረ ያደገ ሕዝብ፣ ዛሬ ቀኙ ሲሰጥ ግራው ካሜራ ይይዛል።

ታዲያ ምን ይሁን? አትስጡ ልል ነው? አይደለም። ሌላ የመስጫ መንገድ መኖሩን እናውቃለንና እሱን ላስታውስ ነው። እድርን አስቡ። እድርተኛው ሰው ሞቶበት ድንኳን ሲተከል፣ ወንበሩ ሲደረደር፣ ሳንቲሙ ሲቆጠር፣ «ሟቹ ደግ ሰው ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አለ? የሟቹ ፎቶግራፍ አሳዛኝ ስለሆነ ከጎረቤቱ የበለጠ ይሰጠዋል? አይሰጠውም። ደንቡ አንድ ነው። ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። የሚሰጥህ ስላሳዘንክ ሳይሆን ድርሻህ ስለሆነ ነው። እድርን ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም፤ ወርኃዊውን መክፈል ያቃተውን ያስወጣል፤ ጎዳና ያለውን አያውቀውም። ግን የተቀባዩን አንገት አያስደፋም።

ከእድር ሰፋ አድርገን ብናይ ሴፍቲኔት አለ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር የገጠር ሰው በምግብና በገንዘብ ደግፏል። ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውን የቀበሌው ሰው ራሱ መርጦ፣ ዝርዝሩ በስብሰባ ይነበባል። ሙስና የለበትም አልልም፤ ጠላቱን ከዝርዝር የሚፍቅ ሹም አይጠፋም። የተፋቀው ሰው ግን ተነሥቶ «ለምን?» ማለት ይችላል። አቤት የሚልበት ደጅ አለ። በድረ ገጽ ፊቱ ያልተመረጠ ሰው ለማን አቤት ይላል? ሳያዩት ላለፉት ሚሊዮን ጣቶች?

«ሩቅ ያለ ሰው ካላየ አይሰጥም፤ ታሪክ ከቀረ ገንዘቡም ይቀራል» የሚሉኝ አሉ። ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው፤ ልሸሸው አልፈልግም። መልሴ አንድ የምናውቀው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 ካርልሃይንዝ በም የተባለ ኦስትሪያዊ ተዋናይ በጀርመንኛ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን መዝናኛ ላይ ቀርቦ ተወራረደ። ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለአፍሪካ ችግረኞች አንዳንድ ማርክ አይሰጥም አለ። ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። ያ ሁሉ ተመልካች ፊት አልመረጠም፤ የማንንም የሕይወት ታሪክ አላነበበም። ሰውየውም ገንዘቡን በፖስታ አልላከም። በዚያው ዓመት መጥቶ፣ ባቢሌ መጠለያ ያገኛቸውን ተፈናቃዮች ምን እንደሚሹ ጠይቆ፣ ኤረር ሸለቆ ላይ አብሯቸው መንደር መሠረተ፤ ሰዎች ለሰዎችን አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ተመላልሶ ኖረ፤ አረጀ። ሽማግሌዎቻችን ሲጠሩት «አባታችን» የሚሉት ስለ ሰጠ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጠየቀና ስለ ቆየ ነው። ሰጪ ብዙ፣ ሳንቲሙ ትንሽ፣ ርቀቱ ሩቅ፤ ሁሉም እንደ ዛሬው ድረ ገጽ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከችግረኞች መካከል እያማረጡ መግዛት።

ስለዚህ በውጭም በአገር ውስጥም ላለው ሰጪ የምለው አጭር ነው። ስጡ፤ ለጎማውም፣ ለመዝገብ ያዡም፣ ለሒሳብ መርማሪውም ስጡ። ለአንድ ፊት ሳይሆን ለአንድ ወረዳ፣ ለአንድ ሆስፒታል፣ ለአንድ ማኅበር ስጡ፤ ከውስጡ ማን እንደሚቀድም እዚያ ያሉት ይወስኑ። ሒሳብ ጠይቁ፤ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሒሳብ የሚጠየቀው ግን ገንዘቡን የያዘው ነው እንጂ ገንዘቡ የተሰጠው ድሃ አይደለም። ደረሰኝ ከድርጅቱ ይጠየቃል፤ ከእናት ላይ እንባ አይጠየቅም። ለድርጅቶቹም እላለሁ፤ ፎቶግራፍ ስታነሡ ሰውየው እምቢ ቢል እርዳታው እንደማይቀርበት አስቀድማችሁ ንገሩት። እምቢ ሊል የማይችል ሰው ፈቀደ አይባልም። የሕፃን ፊት ደግሞ ጨርሶ አትለጥፉ።

ከሁሉ በላይ ቆጣሪ የሚሻውን ሰው ቆጣሪ ስጡት። ቆጣሪ ታሪክ አይሆንም ካላችሁ፣ ታሪክ የሚሆነው ምን እንደሆነ ንገሩኝና የሥነ ጽሑፍ ትምህርቴን ላድስ። የፈረሰ ቤት፣ የሚያመላልስ ቢሮ፣ ሲከፋው መብራት የሚነቅል ጎረቤት፣ የሆመጠጠ ሊጥ ይዛ በሌሊት ታክሲ የምትጠብቅ ሴት። እኔ እንዳነበብኩት ልብ ወለድ ሁሉ፣ ይህ ታሪክ ነው። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንባቢውን ጀግና አያደርግም።